አህያው የበለጣቸው ሰው

አቶ ጉግሳ በባልዲ ኖራ አንጠልጥለው ጌዶ ወዳለው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ሲገሰግሱ፣ ቁጣቸው አንድ ኪሎ ሜትር ቀድሟቸው ነበር፤ ውሾች ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁለት ይባላል። እዚያ ሲደርሱ ግን የግድግዳውን ሥዕል የሠራችውን የአምቦዋን መምህርት ዱሬቲን የረሳችውን ብሩሽ ስትፈልግ አገኟት።

«አከም ቡልተኒ፣ እንደምን አደሩ፣ አባባ ጉግሳ! ኖራው ለምንድን ነው?»

«ሥራሽን ላጠፋበት! ለዚህ ቤት መሬቴን ሰጠሁ። ቅዳሜ ሲመረቅ አገር የሚያየው ምንድን ነው? የጎረቤቴን የፈዬራን አህያ! አህያው ዝሆን አክሎ እኔ መንገዱ ጫፍ ላይ እንደ ዝንብ! ያውም በአንድ ዓይን! በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ሰይጣንና ክፉ ሰው።»

«ታዲያ እኔ ምን በደልኩሽ፣ ልጄ?»

ጥያቄያቸው ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ነበረበት። ዱሬቲ አልሳቀችም።

«እዚያ ሰው የሚሣለው በክብሩ ልክ ነው። እኔ የሣልኩት መንገድ ላይ ቆሜ ዓይኔ እንዳየው ነው። ያ የሚመጣው ማን ነው?»

«ጉታ ነው፣ ከነበሬው።»

«አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑና አውራ ጣትዎን ያንሡ።»

አነሡ። አሥር ጎረምሳ ጎትቶ የማያነቃንቀው በሬ ከነጌታው ጥፍራቸው ሥር ገባ።

«በሬው ከሳ?»

«ምን ይከሳል! ራቀ እንጂ።»

«ክብሩስ?»

«እንኳን ክብሩ፣ ዋጋውም አልቀነሰ!»

ጉታ ሰላምታ ሰጥቶ በአጠገባቸው አለፈ።

«ከጎኑ ሲያዩት ስንት ዓይን ታየዎት?»

«አንድ።»

«ሰይጣን ነው?»

«የገበያ ቀን ሲሆን እንጃ» አሉ አቶ ጉግሳ፤ ሳቅ አመለጣቸው።

«አሁን አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱና ሥዕሉን ይዩት።»

ሄደው አዩ። የመንገዱ ሁለት ጠርዞች እየጠበቡ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ እያጠሩ፣ የአህያው ጆሮ እንኳ ሳይቀር፣ ሁሉም ወደ አንድ ነጥብ ይጠቁማሉ። እዚያ ነጥብ ላይ ደግሞ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

«አሃ! መንገዱ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው በይኛ!»

በቆመበት ሆኖ የሚፈርድ ሰው የራቀውን ሁሉ ያነሰ ይመስለዋል። ቦታ ቀይሮ ማየት የለመደ ግን ከሥዕልም ከጎረቤትም ጋር በከንቱ አይጣላም። አቶ ጉግሳም ኖራውን ሳይመልሱ፣ ሥዕሉን የሚያይ ሁሉ እንዲቆምበት፣ በቆሙበት መሬት ላይ ወፍራም መስመር አሰመሩበት።

ቅዳሜ ፈዬራ ከሕዝቡ መሀል ብድግ ብሎ «የአህያዬ አራተኛ እግር የታለ?» ሲል፣ አቶ ጉግሳ እጁን ይዘው መስመሩ ላይ አቆሙት።

«ዝም በልና አንድ ዓይንህን ጨፍን» አሉት።