በባዶ ሳህን ከተማውን ያሳቁት ወይዘሮ ሶሲና ራጉኤል (1951–2017 ዓ.ም.)

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የጅግጅጋ ነዋሪዎች፣ ከባቢሌ፣ ከደምበልና ከደወሌ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የወይዘሮ ሶሲና ራጉኤልን የሕይወት ጉዞ በትዕግሥት እንድታደምጡን በትሕትና እንጠይቃለን።

ወይዘሮ ሶሲና ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ራጉኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ በዚሁ በጅግጅጋ ተወለዱ። የልደታቸው ቀን በጽሑፍ ባይገኝም ክርስትና የተነሡት ታኅሣሥ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ መስከረም 22 ተብሎ ተይዟል። ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጫወቱ ስላደጉ በአማርኛና በሶማሊኛ እኩል አፋቸውን ፈቱ።

ትምህርታቸውን በጅግጅጋ አጠናቀው፣ በሐረር የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወስደው፣ በደወሌ የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በዚያም የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ሀብተየስ መኩሪያ ጋር በ1975 ዓ.ም. ጋብቻ መሥርተው ጌታሁንንና አትጠገብን ወልደዋል። ባለቤታቸው በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተዛውረው እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከተማችን በታወከች ጊዜ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሂባቅ ሦስት ቀን በጓዳቸው ሸሸጓቸው። ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ሲወጡ፣ አዳማ የሚኖሩት ልጆቻቸው ጠቅልለው እንዲመጡ አጥብቀው ለመኗቸው። እሳቸው ግን «አሁን ከወጣሁማ ባዕድ ናት ላሉኝ ሰዎች እኔው መሰከርኩላቸው ማለት ነው» ብለው እምቢ አሉ።

በጡረታ ሽኝታቸው ዕለት፣ ዕቃው የተያዘበት ነጋዴ እንዴት እንደሚለማመጥና ኃላፊውም ሳይሰማ እንዴት ራሱን እንደሚነቀንቅ በሶማሊኛ አስመስለው ሲያሳዩ ባልደረባቸው በስልክ ቀረጻቸው። ምስሉም ከሰው ሰው ዞሮ፣ ከጊዜ በኋላ ዐብዲሓኪም ኑር የተባለ ወጣት የቴሌቪዥን አዘጋጅ ዘንድ ደረሰ። እርሱም በ2013 ዓ.ም. በረመዳን በየምሽቱ ከአፍጥር በኋላ ለሚታይ አስቂኝ ድራማ፣ ምሳ ከሸተታት ቤት ሁሉ ገብታ የምትቀመጠውን «አዬዮ» የተባለች አያት እንዲጫወቱ መረጣቸው። ከቀረጻው ሰዎች መካከል «ሐበሻዋ አሮጊት እኛን ልታስቀን?» ያሉ ስለነበሩ፣ የመጀመሪያው ምሽት ካልተወደደ ቦታው ለሌላ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ሚያዝያ 5 ቀን፣ የረመዳን የመጀመሪያ ዕለት፣ ሩዝና የግመል ሥጋ በትሪ ቀረበላቸው። ዐብዲሓኪም እሳቸውን ሲመርጥ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ ክርስቲያኗ ይበላሉ ብሎ አስቦ ነበር። ወይዘሮ ሶሲና ትሪውን ጥቂት ተመልክተው እንዲህ አሉ፦ «የኔ ልጅ፣ አንደኛ ሁዳዴ ነው። ሁለተኛ ግመል አንበላም። ሦስተኛ ያረዳችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን ሁሉ ባልፈው እንኳ፣ እናንተ ምራቃችሁን እየዋጣችሁ እኔ ልጎርስ?» ዐብዲሓኪም ደንግጦ «ሙዙስ፣ እማማ?» ቢላቸው፣ «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሙዝም አይቀመስም» አሉት።

ምግብ የሚበላ ሰው ስለጠፋ ቀረጻው ሊቀር ሲል፣ ትሪው እንዲነሣ አድርገው ባዶ ሳህን አስመጡ። ከዚያም የሌለውን ሩዝ ጠቅልለው ጎረሱ፤ የሌለውን ቅልጥም መጠጡ፤ ትልቁን ሙዳ ደግሞ ማንም ሳያይ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ካሜራ የያዘው ልጅ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረ ቀረጻው ሦስት ጊዜ ተደገመ። በዚያ ምሽት ድራማው ታየ። በማግስቱ ገበያ ሲወጡ ልጆች «አዬዮ፣ ቅልጥሙን አስተርፊልን!» እያሉ ተከተሏቸው። አንድ የደምበል ሽማግሌ ግን በረመዳን ቀን ለምን ሥጋ ታበሏታላችሁ ብለው በስልክ ተቆጡ፤ ሳህኑ ባዶ መሆኑ ሲነገራቸውም አላመኑም። ወይዘሮ ሶሲና ከተቀበሉት ምስጋና ሁሉ ይህን ቁጣ አብልጠው ይወዱት ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በቀሩት የረመዳን ቀናትም ባዶ ሳህናቸውን አልተዉም።

ቦታውም የእሳቸው ሆኖ ቀረ። በአምስት ረመዳኖች በየምሽቱ ታይተዋል፤ ድራማውን በመድረክ ሊያሳዩ ሲሄዱም በባቢሌና በደወሌ አዳራሽ ሞልቶ ሕዝብ በመስኮት ተንጠልጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ሲጀመሩ ባልደረቦቻቸውን «አብረን ገባን፤ ቀድማችሁ የምትወጡት ግን እናንተ ናችሁና አታስጎምጁኝ» ብለዋቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታምሞ በሳምንት ሁለት ቀን ሐረር ለእጥበት ቢመላለሱም፣ በቀሩት ቀናት እየተቀረጹ ሠላሳውንም ክፍል ፈጽመዋል። ሰኔ 3 ቀን በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አርፈዋል። ዛሬ ጠዋት ከቤታቸው እስከዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አስከሬናቸውን የተሸከሙት ዐብዲሓኪምና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሱቆች ተዘግተው ነጋዴውም ከኋላ ተከትሏል።

ወይዘሮ ሶሲና ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ «ሂባቅ በጎረቤት ተራ እንዳትጻፍ» ብለው ስላዘዙ፣ ወይዘሮ ሂባቅ በእህትነት ተመዝግበዋል፤ በድንኳኑም ከልጆቹ ጋር በሐዘንተኛ ወገን ተቀምጠው እናንተን ይቀበላሉ።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ልቅሶ በማይሰማበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለእህታቸውና አዬዮ ብሎ ለጠራቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።