የማትጾመው ፌሬት

ልጄ ለኮሌጅ ሌላ ስቴት ስትሄድ ፌሬቷን እኔ ላይ ጥላ ሄደች። ሉሉ ትባላለች፤ ከድመት የምታንስ፣ ቀጭንና ረጅም እንስሳ ናት፤ ምግቧ ስጋ ብቻ ነው። ሁዳዴ እንደገባ የባሌ አክስት እትዬ አስካለ እኛ ጋ ሊሰነብቱ መጡ። «በጾም ቤት ውስጥ ዶሮ ይቆረጣል እንዴ?» ብለው ተቆጡና፣ እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሥራዬ ላይ ሳለሁ ሙዝና ዳቦ አበሏት። ስገባ ሉሉ ምንጣፉ ላይ ተዘርራለች፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟታል። እየነዳሁ የእንስሳት ሐኪም ጋ በረርኩ። ዶክተሯ መድኃኒት ሰጥታ፣ «አንጀቷ አጭር ነው፤ ፍራፍሬና ዳቦ አይፈጭላትም። ያለ ስጋ አትኖርም» አለችኝ።

ቤት ስመለስ ዶሮውን ከፍሪጅ አውጥቼ እፊታቸው መክተፍ ጀመርኩ። «አንቺ፣ እግዜርን አትፈሪም?» አሉኝ። በሕይወቴ መልሼላቸው አላውቅም። «እትዬ፣ እኔ እጾማለሁ። እሷን ግን የፈጠራት አምላክ ጹሚ አላላትም። ከፈለጉ ለቄሱ ይክሰሱኝ!» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ክፍላቸው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ሉሉ ድና ሳሎኑን ስታምሰው አዩና፣ «ቢላዋ እንኳ ለይተሽላታል?» አሉኝ። «ለይቻለሁ» አልኩ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም።