ብቻውን የሚማር ተማሪ ፍለጋ

ይኸውላችሁ፣ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የኤአይ አስጠኚ ተማሪን ይጠቅም እንደሆነ ላጠና ብዬ ለግማሾቹ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው፤ ግማሾቹን ከለከልኩ። «ስልካችሁን ለማንም እንዳትሰጡ!» ብዬም አስጠነቀቅኩ። ፈተናው ሲታረም ግን የተከለከለችው ሀና፣ አስጠኚ ያላትን የዶርም ጓደኛዋን ጫልቱን በልጣት አገኘኋት።

ጫልቱን አስጠርቼ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ስር ተቀመጥን። የቀትሩ ሙቀት አፍዝዞኛል፤ ነፋሱ አቧራውን ቀስ አድርጎ ሲያነሳው ግቢውን በህልሜ የማየው ይመስለኛል።

«ስልክሽን ሰጠሻት አይደል?» አልኳት።

«ኧረ ቲቸር፣ ስልኬን አልሰጠሁም! የገባኝን ነው ያስረዳኋት። እሷ ‹ለምን?› ስትለኝ ተመልሼ አስጠኚውን እጠይቀዋለሁ። ታዲያ ቁጭ ብላ እያየችኝ ብቻዬን ልብላ?»

«ሌላስ ማን ነበር?»

«ዶርሙ በሙሉ ነዋ!»

ጉልበቴ ላይ ያለውን የጥናቴን ቅጽ አየሁት። «አስጠኚ ያለው»፣ «አስጠኚ የሌለው» ይላል። የወራት ድካሜ ነው። ለካ እኔ በዚህ አገር «እንብላ» ሳይል የሚጎርስ ሰው ፍለጋ ነበር የወጣሁት። ነፋሱ ወረቀቱን አንስቶ በዛፎቹ መሀል ይዞት ሄደ። ተነስቼ አላሳደድኩትም።