ከአውቶቡሴ ስለተወሰዱት አርባ አንድ የአባልነት ቅጾች

የምስክር ስም፦ ዶሪን ካቹር
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር
አድራሻ፦ ካናዳ፣ ሳስካችዋን፣ ሬድ ዊሎው ከተማ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ማርች 16 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.

እኔ ምስክሯ የፓርቲያችን የከተማ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነኝ። ፓርቲው ውስጥ የገባሁት ክሊኒካችን የማታ አገልግሎቱን ባቆመበት ዓመት ባለቤቴ ኦረስት ዘጠና ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ሆስፒታል ሲወሰድ መንገድ ላይ ስላረፈ ነው። ለምክር ቤት የሚወዳደረውን የፓርቲውን ዕጩ የሚመርጡት አባላት በመሆናቸው፣ ክሊኒኩን አስከፍታለሁ የምትለው ሴት እንድትመረጥ በዚህ ክረምት ከውጭ አገር የመጡትን የከተማችንን የዶሮ ማረጃ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞርኩ አርባ አንድ ሰው የአባልነት ቅጽ አስፈርሜያለሁ። ከእነዚህም አንዷ ሮዛሊንዳ ማግባኑዋ መጀመሪያ፣ "እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ዶሮ ልገነጣጥል ነው፤ ፖለቲካውን ለእናንተ ትቼዋለሁ" ብላኝ ነበር። ቆይታ ግን፣ "ልጄን ማታ አስሟ ሲነሳባት ማን ያይልኛል?" ብላ ፈረመች።

ማርች 14 ቅዳሜ የምርጫው ስብሰባ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ይጀመር ነበር። 6፡45 ሲሆን ወንበር ደርድሬ ከአዳራሹ ስወጣ የቅርንጫፉ ሊቀ መንበር ላይል ብራንድቮልድ ቅጾቹ ያሉበትን አቃፊ በብብቱ ይዞ ከአውቶቡሴ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት።

"ላይል፣ መልስልኝ" አልኩት።

"ተይ እንጂ ዶሪን። አያቴ ይህን ቅርንጫፍ ያቋቋመው ትላንት የመጣ ሁሉ ዕጩ እንዲመርጥለት ነው?"

"አያትህስ እዚህ አገር መቼ መጡ?"

አቃፊውን እንደያዘ በመኪናው ሄደ።

በደንባችን መሠረት ቅጹ የጠፋበት አባል ሁለት ነባር አባላት ከመሰከሩለት መምረጥ ይችላል። ስለዚህ ወዲያው አውቶቡሱን አስነስቼ ከማረጃው አጠገብ ካሉት አፓርትመንቶች ሠላሳ ሦስት ሰው ጭኜ 7፡50 ላይ ተመለስኩ። እኔ መሰከርኩ። ሁለተኛ ምስክር ሲጠየቅ ነባር አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ የላይል እናት፣ የ84 ዓመቷ ነባር አባል ወይዘሮ ኢንጋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"እማማ፣ ይቀመጡ" አላቸው ላይል።

"አንተ ተቀመጥ። እነዚህን ሰዎች በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን አያቸዋለሁ፤ እመሰክራለሁ" አሉት።

ሠላሳ ሦስቱም መረጡ። ሮዛሊንዳን ጨምሮ እኔ በአውቶቡሱ ሳልመለስ በእግራቸው ቀድመው የመጡትን ስምንቱን ግን ላይል ወደ አዳራሹ ተመልሶ፣ "ስማችሁ የለም" ብሎ ከበር መልሷቸው እንደነበር ወይዘሮ ኢንጋ በኋላ ነግረውኛል። ዕጩአችን በስድስት ድምፅ ተሸነፈች።

ትናንት ላይል ቤቴ መጥቶ፣ "ጎረቤት ነን፣ ነገሩን እርሺው" ብሎኛል። አልረሳውም። ምርጫው እንዲደገም ለፓርቲው አመልክቻለሁ፤ ስምንቱም ስማቸውን በገዛ እጃቸው ማመልከቻው ላይ ጽፈዋል። ፍርድ ቤት ከተጠራሁ ላይል ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ያልኩት ሁሉ በትክክል መስፈሩን አረጋግጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዶ. ካቹር
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ዴል ፈርኒ (ፊርማ)