ፀሐይ ፍለጋ በባጃጅ

በእኛ ጊዜ ልጅን ፀሐይ ማሞቅ የሚባል ሥራ አልነበረም። ይኼም ሥራ ሆኖ? ልጅ ጀርባ ላይ ነው፤ እናት አረም ስታርም ጀርባ ላይ፣ ውኃ ስትቀዳ ጀርባ ላይ፣ ገበያ ስትወጣ ጀርባ ላይ፣ ታዲያ ፀሐይዋ ሳትጠራ እየመጣች ታገኘው ነበር እንጂ ቀጠሮ የሚይዝላት ሰው አልነበረም። ይኼን ያስተዋልኩት ግን አሁን ነው። ያኔ የማውቀው "እኛ ፀሐይ ሳናሞቅ አሳድገናል" ብዬ የሰው አፍ ማስያዝ ነበር። ስድስት ወልጄ አራት አሳድጌያለሁ፤ የሁለቱን ደግሞ ማን ይጠይቀኛል።

እና አንቺ መሠረት፣ ሆድሽ ገፍቶ ስላየሁ ነው ይኼን የማወራው። ግቢዬ ውስጥ ተከራይተሽ ልትወልጂ ነው፣ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ኃጢአት ደግሞ በቅቶኛል። ዝናሽም ትስማ። ዝናሽን ታውቂያታለሽ፣ የልጄ የአስማረ ሚስት፣ ያቻትና ድንች እየላጠች። የምናገረው እሷን የዋሸሁትን ነው፤ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። አትነሺ ዝናሽ፣ ላጪ። ቢላዋውን ብቻ ወደዚያ ዞር አድርገሽ ያዢው።

ታዲያ ዝናሽ ከአረብ አገር ስትመለስ ፀጉር ቤት ከፈተች፣ አስማረን አገባች፣ አስማረ እብናት አስተማሪ ነው፣ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይሄዳል፣ እና ማኅሌት ተወለደች። በሰኔ ማለቂያ ተወልዳ መስከረም ላይ ክርስትና ተነሣች። ጥቅምት ሲገባ ዝናሽ ወደ ፀጉር ቤቷ ልትመለስ ሆነ። "እማማ" አለችኝ፣ በትሕትና፣ አንቱ ብላ፣ ግን ትእዛዝ ነው፤ ትሕትና የለበሰ ትእዛዝ ታውቂ የለ? "ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ልብሷን አውልቀው እግሯንና ጀርባዋን ፀሐይ ያሙቁልኝ" አለችኝ። ደግሞ እንዳይጠፋኝ ብላ በሞባይሏ ሥዕል አሳየችኝ። ራቁቱን የተጋደመ የፈረንጅ ልጅ ነው። "ይኼ ልጅ እናት የለውም ወይ?" አልኳት።

በኋላ እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? እሷ በሩን ዘግታ ስትወጣ እኔ ልጅቱን በነጠላ፣ ከነጠላው ላይ በጋቢ እጠቀልልና መጋረጃውን እጋርዳለሁ። ምክንያት አላጣም ነበር። አንድ ቀን ምች ነው። አንድ ቀን የሰው ዓይን ነው፤ ልጅቱ ቀይ ናት፣ የዚህ ሰፈር ዓይን ደግሞ አያርፍም። አንድ ቀን ብርድ ነው፤ በኅዳር ጠዋት እዚህ ደብረ ታቦር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። እውነቱን ልንገርሽ? ምችም አይደለም፣ ዓይንም አይደለም። ትናንት የመጣች ልጅ ልጅ አያያዝ ልታስተምረኝ ነው ወይ ብዬ ነው። ይኼው ነው።

ማታ ስትገባ፣ "አሞቋት እማማ?" ትለኛለች።

"አሞቅኋት። ጠግባ እንቅልፍ ወሰዳት።"

ስንት ደቂቃ ብላ ትጨምራለች። እኔ ሰዓት አላነብም፣ እስኪበቃት ነዋ፣ እላለሁ። ጥቅምትን እንዲህ አልን፣ ኅዳርን እንዲህ አልን፣ ጥርን፣ መጋቢትን፣ እስከ ግንቦት። ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ግንባር የሚሰነጥቅ ፀሐይ፣ ግቢዬ ውስጥ በከንቱ ይፈስ ነበር። በከንቱ እንኳ አይደለም፣ በርበሬዬንና ብቅሌን አሰጣበት ነበር። ልብ በይ መሠረት፤ ብቅሉ ውጭ፣ ልጅቱ ውስጥ።

ሐምሌ ገባ፣ ልጅቱ ዓመት አለፋት። አትቆምም። ስናቆማት ጉልበቷ ይከዳታል፣ እግሯም እንደ ደጋን ጎበጥ ብሏል። እኔ ወፍራም ልጅ ይዘገያል አልኩ፤ ወፍራምም አልነበረች። አስማረ እኔም ዘግይቼ ነው አሉ የቆምኩት አለ፤ ውሸቱን ነው፣ አስማረ በአሥር ወሩ ዶሮ ያባርር ነበር። ዝናሽ ማናችንንም አልሰማችም፣ አዘለቻትና ሐኪም ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኩ። ልጅቱን ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ምን እንደሚባል ልስማ ብዬ ነው።

ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ጢሙ በቅጡ አልወጣም። እግሯን አገላበጠ፣ ግንባሯን ዳሰሰ፣ አጥንቷ ለስልሷል አለ፣ ጠብታ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ፀሐይ ታገኛለች ወይ ብሎ ጠየቀ።

"በየቀኑ" አለች ዝናሽ። "አማቴ በየቀኑ ያሞቋታል። አንድ ቀን አጓድለው አያውቁም።"

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር እንኳ አልነበረም። እንግዲያው ይጨምሩበት አለ ግራ ገብቶት። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ብናገር አንድ ቃል ነበረች፤ ዋጥኳት፣ እና ዓመት ሙሉ አልፈጭ ብላኝ ኖረች።

ስንወጣ ዝናብ። ሐምሌ ነዋ፤ ሰማዩ እንደ እርጥብ ጋቢ ተደፍቷል። ስምንት ወር ፀሐይ ደጄ ቆማ ስትለምነኝ በር ዘጋሁባት፣ አሁን በተራዬ ልለምናት ነው፣ እሷ ደግሞ የለችም።

ጉዱ የተጀመረው ያኔ ነው። የዚህን አገር ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ጉም፣ ቀትር ላይ ዝናብ፣ ማታ በረዶ ቢጥል ማንም አይገርመው። ፀሐይ የምትወጣው እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ብቅ ትላለች፣ ታይታ ትሄዳለች። ታዲያ ዝናሽ ያን ክረምት ምን ትሠራ ነበር ብትይኝ፣ ፀሐይ ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ልብስ ታጥባለች፣ አይደርቅም፣ ከሰል ዳር ታሰጣዋለች፣ የልጅቱ ቀሚስ ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸታል። ድንች ትቀቅላለች፣ ጭቃ ትጠርጋለች፣ ፀጉር ቤት ደርሳ ትመጣለች፣ እና አንድ ዓይኗ ሁልጊዜ ሰማይ ላይ ነው። ስልኳ ላይ ደግሞ የደመና ሥዕል አለ። "ዛሬ ዝናብ ነው ይላል እማማ" ትለኛለች። ለዚህማ ስልክ ምን ያደርጋል፣ እጅሽን በበር አውጪው፣ አልኳት።

ሰዓዳ የምትባል ጓደኛ አለቻት፣ አረብ አገር አብረው የነበሩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ትሸጣለች። ሰዓዳ ትደውላለች፣ እዚህ ወጥታለች፣ ቶሎ በሉ፣ ትላለች። እኛ ሰፈር ጉም፣ እሷ ሰፈር ፀሐይ፤ አንድ ከተማ እኮ ነው። ዝናሽ ልጅቱን ብድግ፣ እኔ ጋቢዬን ብድግ፣ ወደ ባጃጅ።

"ወዴት ነው?" ይላል ባለባጃጁ።

"ፀሐይ ወዳለበት" ትለዋለች ዝናሽ፣ ሳትስቅ።

የመጀመሪያ ቀን ያሾፈችበት መሰለው። በሦስተኛው ቀን ለመደ። በሳምንቱ እሱ ራሱ ይደውል ጀመር፤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ብልጭ ብላለች ይላል፣ እንሮጣለን፣ ስንደርስ የለችም። ወርዶ ሰማዩን ያያል፣ ራሱን ያካል፣ አሁን እኮ እዚህ ነበረች ይለናል፣ በግ እንደጠፋበት ሰው። አስማረም ከእብናት ይደውላል። እብናት ወረድ ስለሚል ይሞቃል። "እዚህማ ያቃጥላል" ይላል። አባት ማለት እንዲህ ነው መሠረት፤ ፀሐዩን ብቻውን ይሞቅና በስልክ ያወራልሻል። እንግዲያው ይዣት ልውረድ ስትለው ደግሞ ወባ አለ፣ እንዳትሞክሪ አለ።

እኔ በዚህ ሁሉ አፌ አያርፍም ነበር። ፀሐይ በባጃጅ ሲባረር አየሁ እላለሁ፣ የአረብ አገር ትምህርት ይኼ ነው ወይ እላለሁ። ትንሽ ብርሃን ሲታይ ግን ከዝናሽ ቀድሜ ጫማዬን የማደርግ እኔ ነበርኩ። አይታኝ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር። ሰው የሚሳደበው እኮ እንዳይጠየቅ ነው።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። አንድ ጠዋት ሰዓዳ ሱቅ ደጃፍ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ልጅቱን ራቁቷን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ዝናሽ እግሯን እያሸች፣ አንዲት የእኔ እኩያ ሴትዮ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እላያችን ላይ ቆመች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ከንፈሯን መጣለች።

"ምነው እትዬ፣ ልጅቱን ምች ያስመቷታል? ይሸፍኗት እንጂ" አለችኝ።

የእኔው ቃል ነው። ከንፈር አመጣጡም የእኔ ነው። ደሜ ፈላ።

"ሂጂ ወደዚያ" አልኳት፣ አንቱታውን ትቼ። "ይችን ልጅ እንዲህ ያደረገቻት ያንቺ ብጤ አሮጊት ናት።"

"የትኛዋ?" አለች ሴትዮዋ።

ዝናሽ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ "ስንቷን ልቁጠርልሽ" ብዬ ሴትዮዋን ሸኘኋት፣ እና ፀሐይዋም አብራት ሄደች።

ታዲያ ወሬው ደረሰ። እኔ ውባለም በፍልሰታ ቅዳሴ ትቼ ፀሐይ አመልካለሁ ተባለ። የነፍስ አባቴ ቤቴ ድረስ መጡ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ስምንቱን ወር፣ መጋረጃውን፣ ሐኪሙን፣ ሁሉን። መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ አልሳቁም። "ስግደት እሰጥሽ ነበር፣ ጉልበትሽ አይችልም" አሉኝ። "ለዋሸሻት ንገሪያት።" ስግደቱ ይሻለኛል አባቴ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ነገርሻት ወይ ይሉኛል፣ እኔም ምቹ ቀን አላገኘሁም እላለሁ። ዓመት ሙሉ ምቹ ቀን ጠፋ።

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይላሉ፤ ያን ዓመት ግን ክረምቱ ተረቱን አልሰማም፣ እስከ መስከረም አጋማሽ ጎተተን። ከዚያ ወዲያ ጠራ። ጠብታው ይሁን ፀሐይዋ፣ ሁለቱም ይሁኑ፣ ኅዳር ላይ ልጅቱ የአልጋውን ቋሚ ይዛ ቆመች። ዝናሽ አለቀሰች፣ እኔ ወጥ አረረብኝ ብዬ ወጣሁ። ምድጃው ላይ ወጥ አልነበረም። እግሯ ዛሬም ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ሐኪሙ እያደር ይቃናል ይላል፣ ይኸው ስትሮጥ ግን ማንም አይደርስባትም፣ ያቻትና ጭቃው ውስጥ።

እንግዲህ ሰማሽ ዝናሽ። አንድ ቀን እንኳ አላሞቅኋትም። አንድ ቀን። ያሞቅሁ ሲመስልሽ የኖረው ሁሉ ውሸት ነው። የፈለግሽውን በይኝ፣ ዛሬ አልመልስልሽም።

ዝናሽ ድንቹን መላጥ ሳታቋርጥ፣ "አውቅ ነበር እማማ" አለች።

"ምኑን?"

"ልጅቱ ከእግሯ እስከ አንገቷ በሽፋኑ ውስጥ እንዳለ አተር ገርጥታ ነበር። ፀሐይ ያየ ገላ እንደዚያ አይሆንም። በታኅሣሥ ነው ያወቅሁት።"

"በታኅሣሥ? ታዲያ ሐኪሙን እንዲያ ያልሽው ምን ብለሽ ነው? በየቀኑ አላልሽም?"

"ምን ልበለው ታዲያ?" አለች ዝናሽ። ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ማታ ማታ አሞቋት ወይ ብዬ የምጠይቅዎት አዎ እንዲሉኝ ነበር። አላሞቅኋትም ቢሉኝ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ እኔ ልቀመጥ ነው። አዎ ሲሉኝ አመንኩ። ማመን ይሻለኝ ነበር።"

ትከሻዬ ይነቃነቅ ጀመር፣ ሳቅሁ፣ እስኪያስለኝ ሳቅሁ፣ እና ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

ሰማሽ መሠረት? እኔ ውሸቱን ስፈትል፣ እሷ ስትለብሰው፣ ልጅቱ ፀሐይ አጥታ ቀረች። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ እሷን ፈርቼ የነፍስ አባቴን በሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ሁለት አሮጊት ነን ለካ እዚህ ቤት፤ አንዷ ብቻ ፀጉሯን ተቀብታ ነው።

መሠረት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ ዝናሽን አየች። "እና እኔ ስወልድ" አለች በመጨረሻ፣ "እኔም ሥራ አለኝ። ልጄን ለማን ልተው?"

ለማን? ምን ማለትሽ ነው፣ እኔ አለሁልሽ አይደል? ምን ያስቃችኋል?