ያልተቀበልኩት መርዶ

በእኛ ጊዜ፣ ደርግ በወደቀበት ክረምት፣ የባሌን የታደሰን መርዶ ሊነግሩኝ መጡ እና በር አልከፈትኩም። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው እየጨመረበት ብዙ አውርቶታል፤ እኔ የሆነውን ልንገራችሁ።

ታደሰ ባሕረኛ ነበር። እዚህ ነገሌ ተወልዶ፣ ከኩሬ በቀር የተኛ ውሃ ሳያይ አድጎ፣ ባሕረኛ! መንግሥት ሲወድቅ አሰብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ታዲያ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፣ በሩ ሲከፈት አንዱ ይናገራል እና ከዚያ በኋላ ለቅሶ ነው። እኔም አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት የብዙ ሰው ኮቴ ስሰማ ገባኝ እና መቀርቀሪያውን ይዤ ቆምኩ።

«አስካለ፣ ክፈቺ» አሉ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ መኮንን።

«ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን ናችሁ? በዚህ ሰዓት በደህና አትመጡም።»

«ክፈቺና እንነግርሻለን።»

«እዚያው ሆናችሁ ንገሩኝ።»

ታዲያ መርዶ በተዘጋ በር ይነገራል? አይነገርም! አንዱ ሲያስል እሰማለሁ። እኔም «ሬሳውን ያየ ሰው አብሯችሁ አለ?» አልኩ።

«የለም» አሉ ጋሼ መኮንን። «ጓደኛው ተሾመ ነው ከሀገረ ማርያም የላከብን። አሰብ አብረው ነበሩ።»

«ተሾመ ራሱ እግር የለውም? ያየ ሰው መጥቶ ይንገረኝ፤ ያላየ ወደ ቤቱ ይሂድ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን ፍሪ እንጂ!»

«እሱን ፈርቼ ነው ያልከፈትኩት» አልኳቸው። ቆሙ፣ ቆሙ፣ ከዚያ ሄዱ።

ልቤ እርግጠኛ ነበር ወይ ትሉኛላችሁ? አልነበረም። ግን አንዴ ካለቀስኩ ታደሰን የቀበርኩት እኔው ነኝ፣ እንዲያ ነበር የምለው። ደግሞ ጋሼ መኮንን ተዝካሩ እንዳለቀ ቤቴን አከራይተው እኔንና ልጄን ወደ እሳቸው ግቢ ሊወስዱን አስበው ነበር። ክፋት አይደለም፤ ለሟች ወንድም የሚደረግ ነው። እኔ ግን ሟች የለኝም አልኩ።

ታዲያ ጥቁር ልበሺ ሲሉኝ ቢጫ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ቀይ ሻሽ አሰርኩ እና ገበያ ወጣሁ። አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ምነው አስካለ፣ ባልሽ ሳይቀዘቅዝ!» አለችኝ። «ዳብሰሽዋል?» አልኳት። ሎኮ የምትባል ወተት የምትሸጥልኝ የቦረና ሴት ነበረች፤ እሷም ሰምታለች።

«አካም፣ አስካለ? ናጋ?»

«ናጋ።»

«ታደሰስ?»

«ናጋ።»

እጄን ያዘች እና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ናጋ ካልሽ ናጋ ነው» አለችና ወተቴን ቀዳችልኝ። ከተማው ሁሉ እብድ ሲለኝ፣ ሰላም ነው ስላት ሰላም ነው ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ተዝካሩ ቀረበ። ጋሼ መኮንን ገመድ ይዘው መጡ።

«ወይፈኑን ልወስድ ነው» አሉ።

«የማንን ወይፈን?»

«የወንድሜን።»

«ለማን ተዝካር?»

«ለወንድሜ።»

«እንግዲያው አንቱ መጀመሪያ ወንድምዎን ያስፈቅዱታ!»

በረቱ በር ላይ ዱላ ይዤ ቆሜያለሁ። ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ግን ሰውዬው ግትር ናቸው፤ በራሳቸው በግ፣ በራሳቸው ቤት ተዝካሩን ሊያወጡ ተነሱ። ጠላው ተጠመቀ፣ ሰው ተጠራ።

ያን ሰሞን ነው አደን የሚባለው፣ ሞያሌ የሚመላለሰው ባለሱቅ፣ ከመኪናው ሳይወርድ የጠራኝ። «እትዬ አስካለ፣ ነይ! የአጎቴ ልጅ ከየመን በኬንያ በኩል የላከው ደብዳቤ አለ፤ ስምሽ ተጽፎበታል» አለኝ። ጽሑፉን አየሁት። የታደሰ ነው። እስከ ዛሬ በቃሌ እለዋለሁ፤ ስሙኝ፦

«ለውድ ባለቤቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጦርነቱ አለቀ። በመርከባችን ባሕሩን ተሻግረን የመን ገብተናል፤ መሣሪያችንን ተቀብለው ድንኳን ሰጥተውናል። ሙቀቱ አይቻልም፣ ምግቡ ባቄላ ብቻ ነው። ተሸነፉ የሚልሽ ካለ፣ ባሌ ለማንም እጁን አልሰጠም በዪው። ስለ እኔ ሌላ ነገር ሰምተሽ ከሆነ ተይው። እመጣለሁ።»

ታዲያ ዝም ብዬ ልቀመጥ? በተዝካሩ ዕለት፣ ካህናቱ ገብተው ሰው ከተቀመጠ በኋላ፣ በዚያችው ቢጫ ቀሚስ ድንኳኑ መሃል ገባሁ። ሴቶቹ «ኧረ በሕግ!» አሉ። ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ጋሼ መኮንን ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው እያገላበጡ አዩት፣ የወንድማቸውን ጽሑፍ አያጡትም፣ እና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከጥግ አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ይኼ ሁሉ ጠላ ምን ይሁን?» አሉ።

«ለቆመ ሰው ይጠጣ!» አልኩ። ተጠጣ! ከተዝካር ቤት ዘፈን ሲሰማ ነገሌ ያን ቀን የመጀመሪያዋ መሰለኝ።

ታደሰ ከስንት ዓመት በኋላ መጣ። ሽማግሌ ሆኖ አይደለም፣ ግን ከስቶ፣ ጠቁሮ። ቤቱንም፣ ልጁንም፣ እኔንም እንደተወን አገኘን። እኔም ኮራሁ፤ መንደሩን ሁሉ ረታሁ እያልኩ ኖርኩ።

ታዲያ ልጃችንን ስንድር ያ ተሾመ ከሀገረ ማርያም ለሠርጉ መጣ። በር ላይ ያዝኩት። «አንተ ሟርተኛ፣ የቆመ ሰው ልትቀብርብኝ ነበር!» አልኩት። ሰውዬው ደነገጠ። «እትዬ፣ ታደሰ እስከ ዛሬ አልነገረሽም እንዴ? መርከቡ ላይ ሲወጣ እኔ በእግሬ ወደ አገር ልገባ ነበር። ሞቷል በልልኝ፣ ገና ልጅ ናት፣ እኔን ስትጠብቅ እንዳትቀር፣ ሌላ ታግባ ብሎ አስማለኝ። ዓይንሽን አይቼ መዋሸት ስላቃተኝ ነው ሰው የላክሁት» አለኝ።

ለካ መርዶውን የላከብኝ ሟቹ ራሱ ነው! ይኸው ተቀምጧል፣ ጠይቁት።

(አቶ ታደሰ ከበሩ አጠገብ ሆነው መለሱ።)

«እውነቷን ነው፣ አስምዬዋለሁ። መርከቡ የመን ሳይደርስ ቆጨኝ። ሳስምለው አንድ ነገር ረስቼ ነበር።»

ምን ረሳህ?

«ያገባሁት ማንን እንደሆነ።»