የኮምፒውተሩ ግሳት

(አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪው ሱራፌል በሚከራያት የሰርቪስ ክፍል ውስጥ ጎኑ የተከፈተ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አከራዩ እትዬ ስንቅነሽ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከጀርባቸው ለልጃቸው ቅልቅል የተተከለው ድንኳን ይታያል።)

እትዬ ስንቅነሽ፦ አንድ ቃል ነው ያለኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጄ ሠርግ ፊልም ድንኳኑ ውስጥ ካልታየ ክፍሌን ትለቅልኛለህ!

ሱራፌል፦ እትዬ፣ ፊልሙ እኮ አልቋል። ማሽኑ ነው እምቢ ያለኝ። አሥር ደቂቃ ያሳይና ግሎ ድርግም ይላል።

እትዬ ስንቅነሽ፦ እኔ የማለቅስበት ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?

ሱራፌል፦ ሃያኛው ላይ።

እትዬ ስንቅነሽ፦ በል እንግዲያው! የልጄ አማት፣ ያቺ አመለወርቅ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ምን ብላ እንዳወራች ታውቃለህ? «ልጇን ስትድር እንባ ጠብ አላላትም፤ እንደ ዕቃ ነው ያስረከበችን» ብላለች!

ሱራፌል፦ ሰው ያወራል፣ ይተዋል። ያቺን ቦታ ቆረጥ አድርገን…

እትዬ ስንቅነሽ፦ አንገትህን ነው የምቆርጠው! ምስክሬ እኮ ፊልሙ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሱራፌል፦ እሱን ነው የፈራሁት።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ምን አልክ?

ሱራፌል፦ ማሽኑን ነው የፈራሁት አልኩ። ደግሞ ከጎን የቀረጸው ካሜራ…

እትዬ ስንቅነሽ፦ ከጎንም ከላይም ይታይ! ይልቅ ይሄ ምን ሆኖ ነው ሆዱ የሚጮኸው?

ሱራፌል፦ አየር ነው። ይህ ኮምፒውተር የሚቀዘቅዘው በቱቦ በሚዞር ውሃ ነው። ትናንት ቱቦው አንጠባጠበና ውሃውን ስቀይር አየር ታፈነበት። ፓምፑ ውሃ እገፋለሁ እያለ አየር ይገፋል።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧችን መጀመሪያ እንደሚያስነጥሰው?

ሱራፌል፦ በትክክል! የዚህኛው ችግር ማስነጠሻ አለማግኘቱ ነው።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ታዲያ ምኑ ይከብዳል? ጠብቶ ያላገሳ ሕፃን ማለት ነው። ወዲህ ስጠኝ!

ሱራፌል፦ ኧረ እትዬ! ቀስ ተብሎ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ግራ ዘንበል፣ ከዚያ…

እትዬ ስንቅነሽ፦ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ሰባት አሳድጌያለሁ፤ አንዳቸውም ሳያገሱ አልተኙም። ደረቴ ላይ አስደግፍልኝ።

ሱራፌል፦ ገመዱን ይጠንቀቁ! ፓምፑ እየሠራ ነው። ከበደዎት?

እትዬ ስንቅነሽ፦ ስምንተኛዬ ነው፤ ምን ይከብደኛል? ወንድ ነው ሴት?

ሱራፌል፦ እትዬ፣ ኮምፒውተር ነው።

እትዬ ስንቅነሽ፦ እሽሩሩ፣ የኔ አንበሳ… ጀርባው የቱ ጋ ነው?

ሱራፌል፦ ራዲያተሩን ነው መታ መታ የሚያደርጉት፤ እዚህ ጋ፣ በመዳፍዎ። አሁን ወደ ቀኝ ያዘንብሉት። የውሃ ማጠራቀሚያው ብቻ ሁልጊዜ ከላይ ይሁን፤ አየር የሚሸሸው ወደ ላይ ነው።

እትዬ ስንቅነሽ፦ አውጣው የኔ ጌታ፣ አውጣውና ይቅለልህ…

ሱራፌል፦ ቡልቅ አለ! ይዩት፣ አረፋው ወጣ!

እትዬ ስንቅነሽ፦ አገሳልኝ! እደግ፣ ተመንደግ!

ሱራፌል፦ ያስቀምጡት። ውሃው ስለጎደለ ልሙላበት።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ከጀሪካኑ ልቅዳልህ?

ሱራፌል፦ እንዳያደርጉት! የተጣራ ካልሆነ አይጠጣም።

እትዬ ስንቅነሽ፦ አመለወርቅን ቁርጥ!

ሱራፌል፦ ይስሙ፤ ጸጥ አለ። ሙቀቱም ወረደ። አሁን ሙሉ ቀን ቢሠራ አይጠፋም። እንግዶቹም ገብተዋል፤ ይኸው ፊልሙን ድንኳኑ ውስጥ ባለው ስክሪን ለቀቅኩት።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ተመስገን! እነሱ እስኪደርሱባት ያቺን የማለቅስባትን እዚችኛዋ ስክሪን ላይ ለእኔ አሳየኝ።

ሱራፌል፦ ባያዩዋት ይሻላል።

እትዬ ስንቅነሽ፦ አሳየኝ አልኩህ!

ሱራፌል፦ እሺ። ይኸው፣ ልጅዎ ጉልበትዎን ስማ ስትነሳ በነጠላዎ ፊትዎን ሸፈኑ። ትከሻዎም ይንቀጠቀጣል።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ውይ፣ አንጀት ስበላ!

ሱራፌል፦ ይሄ ደግሞ የጎኑ ካሜራ ነው።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ቆይ፣ ቆይ! መልሳት እስቲ!

ሱራፌል፦ እትዬ?

እትዬ ስንቅነሽ፦ ያ ነጠላው ውስጥ የያዝኩት ምንድን ነው?

ሱራፌል፦ የዶሮ ቅልጥም። በደንብ ግጠውታል።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር! ያለቀስኩትማ ከሠርጉ በፊት ነው፤ የልጅነት ቀሚሷን ሳጥፍ፣ ብቻዬን ጓዳ ተቀምጬ። ያኔ ማን ቀረጸኝ? የሠርጉ ዕለት እንባዬ አልቆ የቀረኝ ረሃቤ ብቻ ነበር።

ሱራፌል፦ አውቃለሁ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እኔም አብሬ ሆዴ ባባ።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ሰምተሃል?

ሱራፌል፦ እንቁረጣት ያልኩት ለዚያ ነበር።

እትዬ ስንቅነሽ፦ ድንኳኑ ውስጥ እዚያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ቀራቸው?

ሱራፌል፦ አሥራ ሰባት። ላጥፋው?

እትዬ ስንቅነሽ፦ እኛ ካጠፋነውማ አመለወርቅ «ደበቀች» ትለኛለች! ማሽኑ ራሱ ታሞ ይውደቅ እንጂ።

ሱራፌል፦ ክፍሉንስ ልልቀቅ?

እትዬ ስንቅነሽ፦ እስክትሸብት ኑርበት! አሁን ግን በሞቴ፣ ልጄ፣ ያንን አየር መልሰህ አስገባልኝ!